ከሽመና መሣሪያ እስከ አውቶሞቢል፤ የቶዮታ ታሪክና የዝናው መሠረት

በ1929 መገባደጃ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ የሚገኘው ፕላት ብራዘርስ የተባለ የታወቀ ፋብሪካ ከአንድ የጃፓን ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረመ። ውሉ በጃፓን ለተፈለሰፈ አውቶማቲክ የሽመና መሣሪያ የፈጠራ መብት 100,000 ፓውንድ የሚያስከፍል ነበር። እንግሊዝ የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ እናት መሆኗና የጃፓን ፋብሪካዎችም ለረዥም ዘመን የፕላት ብራዘርስን መሣሪያዎች ሲገዙ መኖራቸው ሲታሰብ፣ ውሉ የደንበኛና የነጋዴ ቦታ የተለዋወጠበት ሰነድ ነው ማለት ይቻላል። የመሣሪያው ፈልሳፊ የአናጢ ልጅ የነበሩት ሳኪቺ ቶዮዳ ሲሆኑ፣ ውሉ በተፈረመ በዓመቱ፣ በ1930፣ ዐረፉ።

ዛሬ ቶዮታ የሚለው ስም ሲነሳ ማንም ሰው በቅድሚያ የሚያስበው «አይበላሽም» የሚለውን ዝና ነው። ይህ ዝና ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የሚፈልግ ግን ከመኪናው በፊት የሽመና መሣሪያውን መመርመር ይኖርበታል።

ሳኪቺ ቶዮዳ የተወለዱት በ1867 ሲሆን፣ ባደጉበት የጃፓን ገጠር ሽመና እንደ እኛ አገር የወንዶች ሳይሆን በአመዛኙ የሴቶች የቤት ውስጥ ሥራ ነበር። የሴቶቹን ድካም ለማቅለል አስበው በ1891 ለአንድ የእንጨት የእጅ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ መሣሪያውን ደጋግመው እያሻሻሉ በ1924 «ዓይነት ጂ» የተባለውን አወጡ። ይህ መሣሪያ ሁለት ታላላቅ ጠባዮች ነበሩት። አንደኛው፣ የመወርወሪያው ማግ ሲያልቅ ሥራውን ሳያቋርጥ መወርወሪያውን በራሱ መለወጡ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ክር በተበጠሰ ጊዜ ያለ ማንም ትእዛዝ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ የድር ክር አንዲት ቀጭን የብረት ቅጠል ይሸከማል፤ ክሩ ሲበጠስ ብረቷ ትወድቅና መሣሪያውን ታቆመዋለች።

የዚህ ጥቅም ላይ ላዩን ሲታይ ጥቂት የተበላሸ ጨርቅ ከማዳን የማያልፍ ይመስላል። ነገር ግን ለፋብሪካው ሥርዓት ያስከተለው ለውጥ ከዚያ እጅግ የሰፋ ነው። ቀድሞ ሠራተኛዋ ከመሣሪያው አጠገብ ቆማ ክር ተበጠሰ አልተበጠሰ እያለች ስትጠብቅ ትውል ነበር። መሣሪያው ጉድለቱን በራሱ መናገር ከጀመረ በኋላ ግን አንዲት ሠራተኛ ሠላሳና ከዚያም በላይ መሣሪያዎችን መቆጣጠር ቻለች። ሥራዋ መጠበቅ መሆኑ ቀርቶ የቆመውን መሣሪያ ማስነሣት ሆነ። ጃፓናውያን ይህን አሠራር «ጂዶካ» ይሉታል፤ «በራሱ የሚንቀሳቀስ» ከሚለው የተለመደ ቃል የሚለየው በአጻጻፉ ላይ «ሰው» የሚለው ምልክት ስለ ተጨመረበት ነው።

የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ ቶዮዳ በቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምህንድስና የተማሩ ሰው ነበሩ። በ1933 በአባታቸው የሽመና መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ አንድ የአውቶሞቢል ክፍል አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ የጃፓንን ገበያ የያዙት በአገሪቱ ውስጥ መኪና ይገጣጥሙ የነበሩት ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ነበሩ። ኪይቺሮና ረዳቶቻቸው የአሜሪካ መኪናዎችን እየፈቱ አጠኑ፤ የመጀመሪያውንም ሞተር የሼቭሮሌን ሞተር አርአያ አድርገው በ1934 ሠሩ። በ1935 ጂ1 የተባለ የጭነት መኪና፣ በ1936 ደግሞ ኤኤ የተባለ የቤት መኪና ለገበያ ቀረበ።

እዚህ ላይ የዛሬው የቶዮታ አድናቂ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጂ1 የጭነት መኪና እጅግ ብልሽት የሚበዛበት መኪና ነበር። ብረቱም፣ የብረት ማቅለጥ ሙያውም፣ የጥርስና የአክስል ሥራውም ገና ያልበሰለ በመሆኑ መኪናው በየመንገዱ ይቆም ነበር። የኩባንያው ባለሙያዎችም መኪናው ወደ ቆመበት ቦታ እየሄዱ ይጠግኑ፣ የተሰበረውን ክፍል ይዘው ይመለሱ፣ ንድፉንም ያሻሽሉ ነበር። እንግዲህ በብልሽት የጀመረ ኩባንያ ነው በአለመበላሸት የታወቀው።

በ1936 ኩባንያው ለምርቶቹ አዲስ ምልክት ለመምረጥ ለሕዝብ ውድድር ባወጣ ጊዜ «ቶዮዳ» የሚለው የቤተሰቡ ስም ወደ «ቶዮታ» ተለወጠ። በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ስላለውና ስምንትም የመልካም ዕድል ቁጥር ስለሆነ እንደ ተወደደ ይነገራል። ራሱን የቻለው ኩባንያ የተመሠረተው በኦገስት 1937 ሲሆን፣ ዋናው ፋብሪካ በኮሮሞ ከተማ በ1938 ተከፈተ። ከተማዋ ቀድሞ በሐር ንግድ ትታወቅ የነበረች ስትሆን፣ በ1959 ስሟን ራሷን ለውጣ ቶዮታ ተባለች። የጦርነቱ ዘመን ለወታደሩ የጭነት መኪና በመሥራት አለፈ። ፋብሪካውም ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በኦገስት 14 ቀን 1945፣ በአየር ተደበደበ።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ችግር ግን ከቦምቡ የባሰ ነበር። የዋጋ ንረትን ለመግታት በ1949 የወጣው ጥብቅ የገንዘብ ፖሊሲ ገበያውን አደረቀው፤ ኩባንያው ደመወዝ መክፈል ተሳነው። ኪይቺሮ ቶዮዳ ሠራተኛ እንደማያባርሩ ቃል ገብተው ነበር፤ ባንኮቹ ግን ብድር ለመስጠት የሠራተኛ ቅነሳን ጠየቁ። ከረዥም የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ከ2,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ሲሰናበቱ፣ ኪይቺሮም ኃላፊነቱን ወስደው በጁን 1950 ከፕሬዚዳንትነታቸው ለቀቁ። በዚያው ወር የኮሪያ ጦርነት ተነሣ፤ የአሜሪካ ጦር ያዘዛቸው በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎችም ኩባንያውን ከውድቀት አዳኑት። ኪይቺሮ ወደ ሥራቸው ሳይመለሱ በ1952 ዐረፉ። በሰው አገር ደም የዳነ ኩባንያ ነው ቢባል ክፉ ንግግር ይሆን ይሆናል፤ ሐሰት ግን አይደለም።

ቶዮታ ዛሬ የሚታወቅበት የአሠራር ዘዴ የተወለደው በዚሁ ድህነት ውስጥ ነው። ታይኢቺ ኦኖ የተባሉት መሐንዲስ ወደ አውቶሞቢሉ ኩባንያ የመጡት በ1943 ከቶዮዳ የፈትልና ሽመና ፋብሪካ ነበር፤ መሣሪያ በራሱ ሲቆም ማየት ለእርሳቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። ኩባንያው መጋዘን የሚሞላበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ኪይቺሮ ከጦርነቱ በፊት ያሰቡትን «የሚፈለገውን ብቻ፣ በሚፈለግበት ጊዜ፣ በሚፈለገው መጠን» የሚለውን ሐሳብ ኦኖ በተግባር አዋሉት። የአሜሪካን የገበያ አዳራሾች አሠራር ምሳሌ አድርገው፣ ተከታዩ የሥራ ክፍል ዕቃ ሲወስድ ብቻ ቀዳሚው ክፍል እንዲተካ አደረጉ። ትእዛዙን የምታስተላልፈው አነስተኛ ካርድ «ካንባን» ትባላለች።

ሌላው ሥራቸው ከዚህ ይልቅ ደፋር ነበር። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የቆመ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ባየ ጊዜ ገመድ እንዲስብ መብት ሰጡት። ገመዱ ሲሳብ መብራት ይበራል፤ የቡድኑ መሪ ይመጣል፤ ችግሩ መኪናው ከዚያ የሥራ ቦታ ሳያልፍ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ያን ጊዜ በየትኛውም አገር የመኪና ፋብሪካ መስመር ማቆም የሥራ አስኪያጅ ሥልጣን ነበር፤ ሠራተኛ ቢያቆመው ደግሞ ወንጀል ሊባል ምንም አይቀረው። መስመሩ ከቆመ በኋላ ኦኖ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ ደጋግሞ መጠየቅን አስተማሩ። በመጋዘን የተከማቸ ዕቃ ስለሌለ ጉድለቱን መሸፈን አይቻልም፤ መስመሩ ስለ ቆመም ጉዳዩን ለነገ ማሳደር አይቻልም። ሁለቱ ሥርዓቶች አንዱ ያለ አንዱ የማይቆሙት ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ሰው ዋጋ አልተገኘም። ሳቶሺ ካማታ የተባለ ጋዜጠኛ ከ1972 እስከ 1973 በኩባንያው ውስጥ በጊዜያዊ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ያየውን፣ ማለትም የመስመሩን ፍጥነትና የሠራተኛውን ድካም፣ በመጽሐፍ አውጥቷል። ስለ ካንባን የሚያስተምሩ ብዙዎች ይህን መጽሐፍ አያነሡትም፤ ቢያነሡት ግን ትምህርታቸው የተሟላ ይሆን ነበር።

በውጭ ገበያ የኩባንያው የመጀመሪያ ሙከራ ውርደት ነበር። ለጃፓን ጠባብና ዝግተኛ መንገድ የተሠራው ክራውን በ1957 ወደ አሜሪካ ሲሄድ በአውራ ጎዳናው ላይ ጉልበት አነሰው፤ ሞተሩም ይግል ጀመር። በ1960 ወደ አሜሪካ መላኩ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ የኩባንያውን ስም በባሕር ማዶ ያቆየው በ1951 ለወታደርና ለፖሊስ አገልግሎት ታስቦ የተሠራው፣ በ1954 «ላንድክሩዘር» የተባለው መኪና ነው። ከክራውን ውድቀት የተገኘው ትምህርት ኮሮና በተባለው መኪና ላይ ታየ፤ በ1966 የወጣው ኮሮላ ደግሞ በ1997 የቮልስዋገንን ቢትል በልጦ በዓለም ላይ ብዙ የተሸጠ የመኪና ስም ሆነ።

በኢትዮጵያም የቶዮታን ስም ያቆሙት በመጀመሪያ በጠጠርና በጭቃ መንገድ ላይ የተፈተነው ላንድክሩዘር፣ ከዚያም ኮሮላና የሚኒባስ ታክሲው ሃይኤስ ናቸው። «ዲኤክስ»ና «ዶልፊን» የሚሉት ስሞች የኩባንያው መዝገብ በማያውቀው ትርጉም በሕዝቡ አፍ ገብተዋል። ሆኖም የዚህ ዝና ግማሽ ድርሻ የሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ነጋዴዎችና የየከተማው ጋራዦች መሆኑ መታወቅ አለበት፤ በማንኛውም የወረዳ ከተማ ቁልፍ የያዘ ሰው የሚፈታው መኪና ቢበላሽም ቆሞ አይቀርም።

ከመኪናው ሌላ አሠራሩም ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። በጃፓን መንግሥት የቴክኒክ ትብብር በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ «5ቱ ማዎች» ያልተለጠፉበት ፋብሪካ ጥቂት ነው። መደርደሪያ ማስተካከልና ወለል ላይ ቀለም መቀባት ጠቃሚ ሥራዎች ናቸው፤ ለመቀበልም አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ተራ ሠራተኛ «ይህ ተበላሽቷል» ብሎ ሥራ ሲያቆም አለቃው እንዳይቆጣ ማድረጉ ነው። ገመዱ የሌለበት ካይዘን ጽዳት ብቻ ይሆናል።

ይህን የሚያስችለው የጃፓናውያን ልዩ ጠባይ ነው የሚሉ አሉ። ይህ አባባል በካሊፎርኒያ ተፈትኖ ወድቋል። ጄኔራል ሞተርስ በ1982 የዘጋው የፍሪሞንት ፋብሪካ ሠራተኞቹ ከሥራ በመቅረትና በጠብ የታወቁ ነበሩ። ቶዮታ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በሽርክና በ1984 ሲከፍተው በአብዛኛው እነዚያኑ ሠራተኞች መልሶ ቀጠረ፤ ገመዱንም ሰጣቸው። በአጭር ጊዜ ውስጥ የምርቱ ጥራት ከጃፓን ፋብሪካዎች ጋር ተቀራረበ። የሰዎቹ ማንነት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስለ ጉድለት የሚናገር ሰው የሚያገኘው መልስ ነው።

መጋዘን አልባው ሥርዓት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ደግሞ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ታየ። በካሪያ ከተማ የሚገኘው የአይሲን ፋብሪካ ተቃጠለ፤ ይህ ፋብሪካ ለቶዮታ መኪናዎች የፍሬን ግፊት የምታመጣጥን አንዲት አነስተኛ ቫልቭ ይሠራ ነበር። ዋጋዋ ትንሽ፣ በመጋዘን ያለው ክምችትም የሰዓታት ብቻ በመሆኑ የቶዮታ ፋብሪካዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቆሙ። ነገር ግን ብዙ አቅራቢ ድርጅቶች፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚሠራው ብራዘር ሳይቀር፣ ንድፉን ተካፍለው ቫልቭዋን በየዎርክሾፓቸው መሥራት ጀመሩ፤ በአንድ ሳምንት ገደማም መኪና መሥራቱ ቀጠለ።

የዝናው ከባድ ፈተና የመጣው ኩባንያው በ2008 ጄኔራል ሞተርስን በልጦ በዓለም አንደኛ ከሆነ በኋላ ነው። በኦገስት 2009 በካሊፎርኒያ የአንድ ሌክሰስ የነዳጅ መርገጫ ከወለል ምንጣፍ ጋር ተያይዞ አራት ሰዎች ሞቱ። በዚህና የነዳጅ መርገጫው ተጣብቆ በመቅረቱ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎች ለእርማት ተጠሩ። በፌብሩዋሪ 2010 የኪይቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው የኩባንያው ዕድገት ከመጠን በላይ ፈጥኖ እንደ ነበር ተናገሩ። በኤሌክትሮኒክስ ላይ የተነሣውን ጥርጣሬ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት መሐንዲሶች መርምረው በ2011 ማስረጃ እንዳላገኙ ገለጡ። ይሁን እንጂ በ2014 ኩባንያው ስለ ጉድለቶቹ ለተጠቃሚዎች አሳሳች መግለጫ መስጠቱን አምኖ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቅጣቱ የመጣው መርገጫው ስለ ተጣበቀ ሳይሆን ስለ ተደበቀ ነው።

ከዚህም የባሰው በቤተሰቡ ውስጥ ተገኘ። ቶዮታ በ2016 ሙሉ በሙሉ የራሱ ያደረገው ዳይሃትሱ የደኅንነት ፈተናዎችን እንደሚያጭበረብር በ2023 በውስጥ ጥቆማ ተጋለጠ። ነጻ መርማሪ ኮሚቴ በዲሴምበር ባወጣው ሪፖርት በ64 ሞዴሎች 174 ጥፋቶች ዘርዝሯል፤ ጥንተኛው ከ1989 ጀምሮ የነበረ ነው። ከመካከላቸው የቶዮታን ስም ይዘው የተሸጡ መኪናዎችም ነበሩ። በአንዳንድ የግጭት ፈተናዎች ላይ የአየር ከረጢቱ በግጭቱ ምልክት መፈንዳት ሲገባው በሰዓት መቁጠሪያ እንዲፈነዳ ተደርጓል። ይህም ክር መበጠሱን የምታሳውቀውን ብረት ነቅሎ መሣሪያውን በሰዓት እንዲቆም እንደ ማድረግ ነው። ኮሚቴው እንደ ዋና ምክንያት የጠቀሰው እጅግ የተጣበበ የሞዴል ዝግጅት ጊዜንና የፈተና ክፍሉ ባለሙያዎች «አልደረሰም» ለማለት የማይችሉበትን ሁኔታ ነው። መስመሩ ላይ ገመድ ነበረ፤ በፈተናው ክፍል ግን አልነበረም።

ዳይሃትሱ በዚያው ወር መኪና ማስረከቡን ሁሉ አቋርጦ በጃፓን ያሉትን አራት የመኪና ፋብሪካዎቹን አቆመ። በ2024 ዓመት ውስጥ ሞዴሎቹ አንድ በአንድ እንደገና እየተመረመሩ ሲፈቀድላቸው ሥራው ቀስ በቀስ ቀጠለ። ኩባንያው ካወጣቸው የእርማት እርምጃዎች አንዱ ለአዲስ ሞዴል ዝግጅት የሚሰጠውን ጊዜ ማራዘም ነበር።