ጥዝጥዝታው ምን ይናገራል? የኤሌክትሪክ ጊታር፣ የመርካቶ ጥገናና የድምፅ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ የተበላሸ ጊታር ነው። ጊታሩ የእኔ ነው፤ ያበላሸሁትም እኔው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከውጭ ሁለት ፒክአፖች አመጣልኝ። መርካቶ ውስጥ ይህን ቃል የሰማ ሰው የጭነት መኪናዋን እንደሚያስብ ዐውቃለሁ። እኔ የምለው ግን ከክሩ ሥር ተቀምጦ የብረቱን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ማግኔትና የመዳብ ጥቅልል ነው። አሮጌዎቹን አውጥቼ አዲሶቹን በገዛ እጄ በየድኩ። ሁለቱን በአንድነት ስከፍታቸው ድምፁ ቀጭንና ሆዱ ባዶ ሆነብኝ። የአንደኛውን ሁለት ሽቦዎች ቦታ አለዋወጥኩ፤ ድምፁ ሞላ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ ከባድ ጥዝጥዝታ አብሮት መጣ።

ጊታሩን ይዤ ወደ መርካቶ፣ በሲኒማ ራስ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ የጥገና ክፍል ሄድኩ። ባለሙያው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ራዲዮና ማጉያ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። መፍቻ ያነሣሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሰጡኝ።

«መምህር፣ ገና አንፈታውም። ጊታሩን ታቅፈህ ቀስ ብለህ ዙር» አሉኝ።

ስዞር ጥዝጥዝታው አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ አለ።

«ይህኛው ከግድግዳው ትራንስፎርመር የሚመጣ ነው፤ የአንተ ጥፋት አይደለም። አሁን ክሩን ንካ።»

«ምንም አልተለወጠም ጋሼ።»

«ይህ ግን የአንተ ነው። አሁን የፒክአፑን ክዳን ንካ።»

የአንገቱን ፒክአፕ የብረት ክዳን ስነካ ጥዝጥዝታው ወደ ጩኸት ተለወጠ። ጋሼ ሣቁ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ በእኔ ግምት ይህ ምርመራ ከብዙ የታሪክ ሴሚናሮቻችን የተሻለ የማስረጃ ትችት ነው። አንድ ድምፅ የሚመስለው ነገር ሦስት ምንጭ እንዳለው፣ ምንም ሳይፈታ፣ በመስማትና በመንካት ብቻ ተለየ። የመጀመሪያው የፒክአፑ ተፈጥሮ ነው። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ በጥቅልል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጥቅልሉ መስኩ ከክር ይምጣ ከትራንስፎርመር አይለይም። ጊታሩ ሲዞር የጥቅልሉ አቅጣጫ ስለሚለወጥ ጥዝጥዝታው ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ ከብሪጁ ሥር ወደ ቮልዩሙ ጀርባ የሚሄደው የኧርዝ ሽቦ እኔ ስጎትት ተነቅሎ ነበር። ሽቦው በቦታው ቢሆን ኖሮ ክሩን ስነካ ሰውነቴ ራሱ ከኧርዝ ጋር ተያይዞ ጥዝጥዝታው በቀነሰ ነበር። ሦስተኛው የራሴ ብልሃት የወለደው ነው። የአንገቱ ፒክአፕ ክዳን ከጥቅልሉ የኧርዝ ጫፍ ጋር በአጭር ሽቦ ታስሯል። ጫፎቹን ሳለዋውጥ ክዳኑ ከኧርዝ ወደ ድምፁ መስመር ተዛወረ፤ ሊከልል የተሠራው ብረት አንቴና ሆነ። መፍትሔው ያቺን አጭር ሽቦ ቆርጦ ክዳኑን በራሱ ሽቦ ከኧርዝ ጋር ማገናኘት ነው። ጋሼ ይህን ሲሠሩ አንድ ስኒ ቡና እንኳ አልጨረስኩም።

የዛሬው መርካቶ የጣሊያን ወረራ ዘመን ውጤት ነው። ወራሪው በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ «የአገሬው ገበያ» ብሎ ለየው፤ ከነጮቹ ሰፈር ለማራቅ። ስለዚህ ገበያ የንግድ ታሪክ ጽፈናል። የጥገናን ታሪክ ግን ችላ ብለነዋል። ምናለሽ ተራ ሄዶ ያረጀ ብረት እንዴት ሌላ ዕቃ እንደሚሆን ያየ ሰው፣ ቴክኖሎጂ አገር የሚገባው በአስመጪ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። የኤሌክትሪክ ጊታርም እንዲሁ ነው።

መሣሪያው በዓለምም ወጣት ነው። ጆርጅ ቦሻምፕ በአሜሪካ በማግኔት ፒክአፕ የሚሠራውን ጊታር ያበጀው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከጥዝጥዝታው ጋር የሚደረገው ትግልም አብሮት ተወለደ። የጊብሰን መሐንዲስ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ ማመልከቻ ያስገባበት ባለ ሁለት ጥቅልል ፒክአፕ፣ የውጭው ጥዝጥዝታ በሁለቱ ጥቅልሎች ተቃራኒ ሆኖ እንዲጠፋ፣ የክሩ ድምፅ ግን እንዲደመር ያደርጋል። የእኔዎቹ ባለ አንድ ጥቅልል ናቸው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1948 ዓ.ም. የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። በቀጣዮቹ ዓመታት የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ ከዚያም የሆቴልና የክለብ ባንዶች ጊታርን ከማጉያ ጋር አለማመዱን። መሐሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ በ1986 ብራስልስ ላይ በድጋሚ ታትሞ ለአውሮፓ ጆሮ ደረሰ። የአይቤክስና የሮሃ ጊታሪስት ሰላም ሥዩም በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ የመመረቂያ ጽሑፉን በዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥ ላይ የሠራ ሰው መሆኑን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ችግር ዛሬም አለ። ግድግዳችን 220 ቮልት፣ በሴኮንድ 50 ዑደት ይሰጣል። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ማጉያ በትራንስፎርመር ይሠራል፤ ትራንስፎርመሩም ብዙ ጊዜ ከጊታሪስቱ እግር ሥር ተቀምጦ ይጠዘጥዛል። ከዚህ የከፋው የኧርዝ መስመር የሌለው ሶኬት ነው። የጊታሩ ክር ከማጉያው ብረት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ማጉያው ውስጥ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ካመለጠና የሚወስደው ኧርዝ ከሌለ፣ መውጫው የተጫዋቹ እጅና ማይክሮፎን የነካው ከንፈሩ ይሆናል። አንዳንዶች ንዝረቱን ሸሽተው የብሪጁን ሽቦ ይቆርጣሉ። ጋሼ ይህን የሚያደርግ ሰው ሲመጣ ጊታሩን ከመንካታቸው በፊት ስለ ቤቱ ሶኬት እንደሚጠይቁ፣ በየሄዱበትም ቴስተር ከኪሳቸው እንደማይለይ ነገሩኝ። ትክክል ናቸው፤ መጠገን ያለበት ሶኬቱና ማጉያው ነው። ተማሪዎቼ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ እላለሁ፤ ማጉያ ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ነቅላችሁ አስመርምሩት።

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ። አሮጌ የካሴት ቅጂዎችን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ጥዝጥዝታውን ማጥራት ነው። እኔ ይህ ሲደረግ በእጅጉ እሠጋለሁ። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ፍጥነቱ ይዛነፋል፤ ዘፈኑም ከተቀዳበት ቅኝት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ዘፋኙ በየትኛው ድምፅ ላይ ቆሞ እንደዘፈነ፣ መሣሪያው እንዴት እንደተቃኘ የምንከራከርበት መነሻ ይጠፋል። ያ የተናቀ ጥዝጥዝታ ግን ስቱዲዮ ውስጥ በ50 ዑደት ገብቷል። ዛሬ ስንለካው 53 ከሆነ ቅጂው ግማሽ ቃና ያህል ፈጥኗል ማለት ነው፤ 47 ከሆነም በዚያው ልክ ገደማ ዘግይቷል። እርግጥ ነው፣ የመስመሩ ዑደት ራሱ ሁልጊዜ በትክክል 50 አይሆንም፤ በጄኔሬተር ሲሠራ ደግሞ ይባስ ይዋልላል። እያንዳንዱ የግልበጣ ደረጃም የራሱን ጥዝጥዝታ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ካሴት ላይ 53ም 50ም ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ከቀረጻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው ገልባጭ ማሽን።

ባለፈው ሴሚስተር ይህንኑ ከሁለት ተማሪዎች ጋር በአንድ ካሴት ላይ ሞክረን ሁለቱንም መስመሮች ለይተን አይተናል። ቅጂው ሳይጠራ፣ ከነጥዝጥዝታው፣ በክፍላችን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል፤ ከንግግሩ በኋላ መስማት ለሚፈልግ እከፍታለሁ። ጊታሩንም ይዤው መጥቻለሁ።