የመልእክት ፍተሻ ታሪክ፦ ከፖስታ ሣጥን እስከ ኢሜይል ፎልደር

አዲስ ደብዳቤ መምጣት አለመምጣቱን ማጣራት በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የተቀባዩ ሥራ ነበር። ፖስታ ቤት በዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አገሪቱም በ1901 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ደብዳቤ ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር የሚጓዝበት ጊዜ እጅግ አጠረ። ከፖስታ ቤቱ እስከ ባለቤቱ ያለው የመጨረሻ መንገድ ግን አልተለወጠም። ደብዳቤው በቁጥር በሚታወቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለሣጥኑ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፤ ከፍቶ ያያል። «ፖ.ሣ.ቁ.» የሚለው ምሕጻር እስከ ዛሬ ከየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ራስጌ ያልጠፋው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዋና ከተሞች ራቅ ባለ ቦታ ሥራው ይከብድ ነበር። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአዲሎና በመሰሎቻቸው የሀድያና የከምባታ ከተሞች የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመሥሪያ ቤት በኩል ይጻፍለት ነበር። በአንድ ሣጥን የብዙ ሰው ደብዳቤ ይገባል፤ ተላላኪው ያመጣዋል፤ ጸሐፊው በየስሙ ይለየዋል። ለአደራ ደብዳቤ ደግሞ ፖስታ ቤቱ ሣጥኑ ውስጥ የማሳወቂያ ወረቀት ብቻ ያስቀምጣል። ብልህ አሠራር ነው፤ ዕቃው ሳይነሣ መምጣቱ ይታወቃል።

የኤሌክትሮኒክ መልእክት ወደ አዲስ አበባ የገባው ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት ነው። በ1980ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት፣ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ መልእክት አሰባስቦ በስልክ መስመር ወደ ውጭ ይልክ ነበር። መልእክቱ ተጠራቅሞ በአንድ ጥሪ ይሄዳል፤ የመጣውም በዚያው ይወሰዳል። በ1989 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር ኢሜይል ከጥቂት ተቋማት ወጥቶ ለደንበኛው ሁሉ ተከፈተ።

ያኔ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ፖፕ የተባለው ስምምነት ደብዳቤውን ከሰርቨር አውርዶ የሚወስድ ነው፤ የሚጠየቀውም አንድ ሣጥን ብቻ ነው። ማርክ ክሪስፒን እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ የጀመረው አይማፕ ግን ደብዳቤውን እዚያው ሰርቨሩ ላይ አስቀምጦ በፎልደር ለመከፋፈል አስቻለ። የፍጥነት ችግርም ከዚሁ ጋር መጣ። ሃምሳ ፎልደር ያለው ሰው አዲስ መልእክት ለማግኘት ሃምሳ ጥያቄ ይጠይቃል። መስመሩ በሳተላይት ከሆነ፣ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚገኝ የአንድ ጥያቄና መልስ ምልልስ ከግማሽ ሴኮንድ አያንስም። ጥያቄዎቹ ተራ በተራ ከሄዱ ደብዳቤ የሌለበትን ሣጥን ለማየት ብቻ ሃያ አምስት ሴኮንድ ያልፋል። ጊዜውን የሚበላው የመልእክቱ ክብደት ሳይሆን ምልልሱ ነው፤ ስለዚህ የመስመሩን ስፋት መጨመር ብቻውን አይፈታውም። በ1990ዎቹ ወረዳዎችን በሳተላይት ያገናኘው ወረዳ ኔትም ይኸው ርቀት ነበረበት።

መፍትሔው በደረጃ መጣ። የመጀመሪያው ቀላሉ ነው፦ የአንዱን መልስ ሳይጠብቁ ሁሉንም ጥያቄ አከታትሎ መላክ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አይድል የተባለ የአይማፕ ትእዛዝ ደግሞ ሥራውን ገለበጠው፤ ጠያቂው ዝም ብሎ መስመሩን ይዞ ይቆያል፣ አዲስ ደብዳቤ ሲገባ ሰርቨሩ ራሱ ይናገራል። ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ በ29 ደቂቃ ውስጥ ትእዛዙን ማደስ ይመከራል። ጉድለቱ ግን ትልቅ ነው፦ አይድል የሚጠብቀው የተከፈተውን አንድ ፎልደር ብቻ ነው። ብዙ ፎልደር ለመጠበቅ ብዙ መስመር መክፈት ያስፈልጋል፤ ሰርቨሮች ደግሞ የመስመሩን ቁጥር ይገድባሉ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የተጻፈው ኮንድስቶር የተባለ የአይማፕ ቅጥያ ለእያንዳንዱ ለውጥ እያደገ የሚሄድ ቁጥር ሰጠ፤ ፕሮግራሙ ያንን ቁጥር ካለፈው ጋር አስተያይቶ የተለወጠውን ብቻ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቲፋይ የተባለው ሌላ ቅጥያ በአንድ መስመር የብዙ ፎልደርን ለውጥ ማሳወቅን ፈቀደ፤ በ2010 ደግሞ የፎልደሮቹን ዝርዝርና የያዙትን የመልእክት ብዛት በአንድ ትእዛዝ መጠየቅ ተቻለ። ለሩቅ ከተማ ተጠቃሚ የሚበጀው የመጨረሻው ነው፤ ሃምሳው ምልልስ አንድ ይሆናልና። ኖቲፋይ የተሻለ ሐሳብ ቢሆንም ሁሉም ሰርቨር አልተቀበለውም።

በሰርቨሩ ውስጥም ተመሳሳይ ለውጥ ተደርጓል። ቀድሞ የአንድ ፎልደር ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል ተቀጣጥሎ ስለሚቀመጥ አዲሱን ለማግኘት ፋይሉን ማንበብ ግድ ነበር። ዳንኤል በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጣው ሜይልዲር የተባለ የአቀማመጥ ዘዴ እያንዳንዱን ደብዳቤ ለብቻው አስቀምጦ ያልታየውን በተለየ ማኅደር አኖረ፤ ያንን ማኅደር ማየት ብቻ ይበቃል።

ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የመሥሪያ ቤቶቿ መልእክት በየክፍሉና በየጉዳዩ ፎልደር እየተለየ መቀመጡ አይቀርም። ለእንዲህ ያለ ቢሮ የሚሻለው በየጊዜው የሚፈተሹትን ፎልደሮች በእውነት አዲስ ደብዳቤ በሚገባባቸው ጥቂቶች ወስኖ፣ ገቢ ሣጥኑን በአይድል መጠበቅ፣ የቀሩትን ደግሞ አልፎ አልፎ በአንድ ትእዛዝ መጠየቅ ነው።