የሳዮ ድል በኪንሻሳ

በኮንጎዋ ኪንሻሳ ከተማ ጋምቤላ የሚባል ገበያ አለ። አሶሳ የሚባል መንገድ አለ፤ ሳዮ የሚባልም አለ። የእኛን የምዕራብ ከተሞች ስም ማን ወሰደው? ነገሩ ወዲህ ነው።

ሳዮ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሮ ሜዳ በላይ ደጋው ላይ የተቀመጠች የገበያ ከተማ። ስሟ ሲነሳ ቡናዋ፣ ማሯና ወርቅ ሠሪዎቿ ትዝ ይሉናል። ጦርነት ሲባል ግን ማይጨው እንላለን፣ አምባላጌ እንላለን፤ ሳዮን የሚጠራ ጥቂት ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ጦርነቱ ያለቀ ይመስለናል። አላለቀም። በዚያው ግንቦት የጣሊያኑ እንደራሴ የአውስታው መስፍን አምባላጌ ላይ ሲማረክ፣ ሥልጣኑን በምዕራብ ያለው ጄኔራል ጋዜራ ተረከበ። ጋዜራም ከእንግሊዞችና ከአርበኞቻችን እየሸሸ መጨረሻውን ያደረገው ሳዮ ነው። እንግዲህ ይቺ የቡና ገበያ ለጥቂት ጊዜ የአንድ ፈራሽ ግዛት እንደራሴ መቀመጫ ሆነች ማለት ነው።

በምዕራብ በኩል መውጫውን የዘጉበት እነማን ይሁኑ? ኮንጎዎች! ቤልጂየም ራሷ በግንቦት 1932 በጀርመን ተይዛለች። ቅኝ ግዛቷ ኮንጎ ግን አልተያዘችም። የኮንጎ ወታደሮች በቤልጂየም መኮንኖች እየተመሩ በሱዳን አቋርጠው መጡ። በመጋቢት 1933 አሶሳንና ጋምቤላን ያዙ። ከዚያ ወደ ሳዮ ዳገት ሲጠጉ ዝናቡ መጣ፣ ስንቅ አጠረ፣ በሽታ ገባባቸው። በጥይትም በበሽታም ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። ሰኔ 26 ቀን ግን ሳዮን አጠቁ፤ ጋዜራም ጄኔራሎቹንና በሺዎች የሚቆጠር ጦሩን ይዞ ለቤልጂየሙ ጄኔራል ጊሊያርት እጁን ሰጠ። የተማረከው ጦር ከማራኪው ይበልጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ለጣሊያን የቀረው ዋና ምሽግ ጎንደር ሲሆን፣ እሱም በኅዳር 1934 ወደቀ።

እኔን የሚያስገርመኝ ሌላው ነገር ነው። እነዚያ ወታደሮች በገዛ አገራቸው ነፃ ሰዎች አልነበሩም። የጦራቸውም ታሪክ ቢሆን የሚያኮራ ብቻ አይደለም። በንጉሥ ሊዮፖልድ ዘመን የጎማ ኮታ ያልሞላውን መንደር የሚያቃጥል፣ እጅ የሚቆርጥ ጦር ነበር። ቅኝ የተገዛ አፍሪካዊ፣ በቅኝ ገዢው ትእዛዝ ተሰልፎ፣ ሌላውን አፍሪካዊ ከቅኝ ገዢ ነፃ ለማውጣት ሞተ። ለሰው የተዋጋለትን ነፃነት እሱ ወይም ልጆቹ ለማየት እስከ ሰኔ 1952 ድረስ 19 ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው።

ያ ነፃነት በመጣ በቀናት ውስጥ ኮንጎ ታመሰች። ያው ጦር በመኮንኖቹ ላይ አመፀ። በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ቀድመው ከደረሱት መካከል የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩ። የጠቅል ብርጌድን ዘመቻ በኩራት እናወራለን፤ ደግ ነው። ግን ስናወራው ሁልጊዜ እኛ ረጂ፣ እነሱ ተረጂ ናቸው። ከ19 ዓመት በፊት እነሱ ሳዮ ዳገት ላይ እንደነበሩ አናነሳም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተረዳ ሲረሳስ ምን ይባላል? ኪንሻሳ ጋምቤላ ገበያ ገብቶ ቲማቲም የሚገዛ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ላያውቅ ይችላል። ስሙን ግን በየቀኑ ይጠራዋል። የእኛ ድርሻ ደግሞ ታሪኩን መናገር ነው፤ በተለይ በየዓመቱ የድል በዓላችንን ስናከብር። አርበኞቻችንን ስናመሰግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብንጨምር ከክብራቸው የሚቀነስ ነገር የለም፤ “በሳዮ ዳገት የወደቁ የኮንጎ ልጆችም ነበሩ” ብንል።