ቮልስን ያኖራት መለዋወጫ ነው

አሮጌ ቮልስ ገዝቶ ሊያሳድስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚከራከረው በመኪናዋ ዋጋ ነው። ትልቁ ወጪ ግን ከግዢው በኋላ ይመጣል፤ የቮልስ ታሪክም ከጥንቱ የመለዋወጫ ታሪክ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዞች ጥበቃ ሥር የነበረውን የቮልፍስቡርግ ፋብሪካ እንዲመሩ እ.ኤ.አ. በ1948 የተሾሙት ሃይንዝ ኖርድሆፍ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አሉ፤ መኪና ወደ አንድ አገር ከመሄዱ በፊት መለዋወጫውና ጥገናው እዚያ ይቅደመው አሉ። ሌላው መላቸው የመኪናዋን መልክ ሳይነኩ ውስጧን በየዓመቱ ማሻሻል ነበር። ያን ጊዜ ለገዢው በረከት ነበር። ዛሬ የሚያሳድሰውን ሰው ኪስ የሚያራቁተው ግን ይኸው ነው።

ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም ቮልሶች አንድ ናቸው። ቀረብ ሲሉ ግን ከ1965 ሞዴል ጀምሮ መስኮቶቹ ሰፍተዋል፣ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ፓራውልቱና የፊት መብራቱ ተቀይሯል፤ ከቀደሙት ደግሞ አብዛኞቹ በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። የመስታወት ጎሚኒ ተሳስቶ ያዘዘ ሰው ብሩን ጣለ ማለት ነው። ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ዓመት ብቻ ማመንም አያዋጣም፤ ፋብሪካው የቀጣዩን ዓመት ሞዴል መሥራት የሚጀምረው በነሐሴ ነበርና፣ በ1964 መጨረሻ የወጣች መኪና የ1965 ሞዴል ናት። እውነቱን የሚናገረው ከኋላ ወንበር ሥር የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነው። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ባሉት ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ቁጥር ያሳያል።

ጀርመን የተለመደችውን ባለ ጣሪያ ቮልስ መሥራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሜክሲኮ ግን እስከ 2003 ቀጠለች፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። መለዋወጫው እስከ ዛሬ ያልነጠፈው ለዚህ ነው።

ሞተሩ ብዙ አያስፈራም። በአራት ብሎን ወርዶ ይፈታል፤ ሲሊንደሮቹም ለየብቻ ስለሆኑ የተበላሸውን ነጥሎ መቀየር ይቻላል። ገንዘብ የሚበላው ላሜራው ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በመሆኑ አሲዱ ወለሉን ለዓመታት ሲበላ ማንም አያይም። አዲስ ቀለም ተቀብተው ወለላቸው የተበሳ ቮልሶች ጥቂት አይደሉም። ቀለም የመጨረሻው ወጪ መሆን ነበረበት፤ ፍሬንና ወለል ይቀድማሉ። ግን ፎቶ የሚያምረው በቀለሙ ነው፣ ምን ይደረግ!

አሁን ሒሳቡን ያከበደው የምንዛሪው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። የ100 ዶላር የወለል ላሜራ ያለ ቀረጥና ያለ ማጓጓዣ ከ5,700 ብር ወደ 11,000 ብር ዘለለ። መንግሥት በዚያው ዓመት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስላገደ፣ ለመለዋወጫ የሚታረድ ሙሉ ቮልስ ከውጭ ማምጣትም ቀረ። የቀረው አገር ውስጥ ያለው ነው። ሶማሌ ተራ የሚገኘው በርም ሆነ ኮፈን ከሌላ ቮልስ ላይ የተነቀለ ነው፤ አንዷ በታደሰች ቁጥር ሌላዋ ትጎድላለች።