የጣና ታንኳና የነፋስ ነገር

የቀሐ ወንዝ ከጎንደር በታች ከአንገረብ ጋራ ተገናኝቶ በመገጭ በኩል ወደ ጣና ይገባል። በዚያ ሐይቅ ላይ የሚመላለሰው የደንገል ታንኳ ሸራ የለውም፤ ከሆዱ ወደ ውኃ የሚወርድ ሳንቃም አልተበጀለትም። የሳንቃው ተግባር በሸራ የሚሄደውን ታንኳ የጎን ነፋስ እንዳያንሸራትተው መያዝ ነው፤ ነፋሱ ከኋላ ሲነፍስ ወደ ላይ ይሳባል። በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የነበሩ ሕዝቦች እንዲህ ያሉትን ሳንቆች በግንድ ታንኳቸው ፊትና ኋላ ከፍ ዝቅ እያደረጉ አቅጣጫ ይለውጡባቸው ነበር።

የጣና ቀዛፊ፥ ይልቁንም ወይጦው፥ ይህን ሥራ በክንዱ ይሠራል፤ በዳር በዘንግ ይገፋል፥ በጥልቁ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። በደንገል መካከል ለሚያልፍ፥ ለማድረቅም ወደ የብስ ለሚወጣ ታንኳ ሳንቃው መሰናክል በሆነ ነበር። ስለዚህ አለመኖሩን የጥበብ ጉድለት ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የጣና ደንገል ግን ሸራ የተሸከመበት ጊዜ አለ። በ1969 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ደንገሉን ወደ ግብፅ አስወስዶ በቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች «ራ»ን አሠራ። ከሞሮኮ እንደ ተነሣች የመሪ መቅዘፊያዎቿ ተሰበሩ፤ ባርባዶስ ሳትደርስም ተተወች። የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የሠሯት ሁለተኛዪቱ በ1970 እ.ኤ.አ. ደረሰች።