«ሃይማኖት»፦ ከሱርስት እስከ አማርኛ

«ክርስትና ሃይማኖት አይደለም» የሚለው አባባል በስብከቶቻችን ተደጋግሞ ይሰማል። ዓላማው መልካም ነው፤ ሥርዓትን ብቻ ይዞ ጌታን ያላወቀውን ሰው ለመቀስቀስ ነው። ነገር ግን የቃሉ ታሪክ አነጋገራችንን እንድንመረምር ያደርገናል።

«ሃይማኖት» ወደ አማርኛ የመጣው ከግዕዝ ሲሆን፣ ወደ ግዕዝ የገባው ከአራማይክ ነው። የአራማይክ ዘር በሆነው በሱርስት «ሃይማኑታ» ማለት እምነት፣ መታመን፣ ታማኝነት ነው። በሱርስቱ መጽሐፍ ቅዱስ በጴሺታ የግሪኩን «ፒስቲስ» የሚተካው ይኸው ቃል ነው፤ በዕብራውያን 11 የአባቶች እምነት የተገለጸውም በእርሱ ነው። ግዕዝ «አምነ» ከሚለው ከራሱ ግሥ «እምነት»ን አውጥቷል፤ በ«ሃይ» የሚጀምረው መልክ ግን የአራማይኩ ግሥ የ«ሃይመን» አሻራ ነው። ስለዚህ «እምነት»ና «ሃይማኖት» ከ«አሜን» ጋር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

በማን በኩል ገባ? ቀደም ሲል ብዙዎች ከሶርያ ከመጡ መነኮሳት ጋር ያያይዙት ነበር። ፖሎትስኪ ግን በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደ «ጣዖት»ና «ምጽዋት» ያሉት የግዕዝ ቃላት የአይሁድ አራማይክን ጠባይ እንደሚያሳዩ ተከራክሯል።

ቃሉ የማመንን ተግባር ብቻ ሳይሆን የሚታመነውንም ትምህርት ይገልጻል። «ሃይማኖተ አበው» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ስያሜ ለዚህ ምስክር ነው። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም «ፒስቲስ»ን በዕብራውያን 11፥1 «እምነት»፣ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7ና በይሁዳ 3 «ሃይማኖት» ብሎታል። በያዕቆብ 1፥26-27 ውጫዊ ሥርዓትን ለሚያመለክተው «ትሬስኬያ» የተጠቀመው ግን «አምልኮ»ን ነው።

እርግጥ ጄምስ ባር በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳስጠነቀቀው፣ የቃል ሥር የዛሬ ፍቺውን አይወስንም። ዛሬ «ሃይማኖት» ስንል ሕዝቡ በአብዛኛው የሚረዳው ድርጅትንና ወገንን ነው፤ ሰባኪም ይህን መዘንጋት የለበትም። ሆኖም ከአንድ መድረክ ስለ ሃይማኖት እንድንጋደል የሚያዝዘው የይሁዳ መልእክት ተነብቦ ወዲያው «ሃይማኖት የለንም» ሲባል፣ ምእመኑ የትኛውን ይያዝ? ባዶ ሥርዓትን የምንነቅፍ ከሆነ «ባዶ ሥርዓት» እንበለው። አለዚያ ከሥርዓቱ ጋር፣ ለቅዱሳን በአደራ የተሰጠውንም ትምህርት እንዲያቃልል እናስተምረዋለን።