ሕፃኑ ፈልሳፊና ስድስቱ ነጥቦች

በእኛ ሙያ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ቶማስ ኒውኮመን የተባለው እንግሊዛዊ በ1712 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከማዕድን ጕድጓድ ውስጥ ውሃ የሚስበውን የእንፋሎት ሞተር ከሠራ በኋላ፣ የሞተሩን ቫልቮች በእጁ እያፈራረቀ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ሐምፍሪ ፖተር የሚባል ልጅ ተቀጠረ ይባላል። ልጁ ግን ከጓደኞቹ ጋር መጫወት ስላማረው ቫልቮቹን ከሞተሩ ተንቀሳቃሽ አካል ጋር በገመድ አሰራቸው፤ ሞተሩም ራሱ እየከፈተና እየዘጋ ሲሠራ እሱ ወደ ጨዋታው ሄደ። አዳም ስሚዝ እንኳ በ1776 ዓ.ም. ስለ መንግሥታት ሀብት ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ፣ የልጁን ስም ሳያነሣ፣ ይህንኑ ታሪክ በምሳሌነት ተጠቅሞበታል።

ታሪኩ ደስ ይላል፤ እውነትነቱ ግን አጠራጣሪ ነው። በ1719 ዓ.ም. የታተመው የኒውኮመን ሞተር ሥዕል ቫልቮቹን ራሱ ሞተሩ የሚያንቀሳቅስበትን መሣሪያ በግልጽ ያሳያል። ፖተር የሚለውም ስም ሞተሩን በየቦታው ይተክሉ ከነበሩት ባለሙያዎች ጋር የተያያዘ ነው። ታዲያ ይህ ተረት ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ ለምን ሳይሞት ኖረ? በእኔ አስተያየት፣ ፈጠራ ከስንፍናና ከአጋጣሚ የሚገኝ ስጦታ ነው የሚለውን ምቹ እምነታችንን ስለሚያጸድቅልን ነው። ሕፃን ፈልሳፊ ሲባል ወዲያው የሚታየን ሳያስበው አንድ ነገር ላይ የወደቀ ልጅ ነው። ስለዚህ ማስረጃው ሳይጠፋ የቆየልንን የሌላ ልጅ ሥራ ጠጋ ብሎ መመልከት ይገባል።

ሉዊ ብሬል በ1809 ዓ.ም. ከፓሪስ በስተምሥራቅ በምትገኘው ኩፕቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበር። ልጁ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በአባቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ በወስፌ ቆዳ ለመብሳት ሲታገል መሣሪያው አንሸራቶት አንድ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ መርዞ ወደ ሁለተኛው ዓይን ተዛመተና አምስት ዓመት ሲሆነው ፈጽሞ ማየት ተሳነው። ወላጆቹ ግን ከቤት አላስቀሩትም፤ የመንደሩ ቄስ አስተማሩት፣ የመንደሩም መምህር ከሚያዩት ልጆች ጋር አስቀምጦ አስተማረው። በ1819 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ በፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ትምህርት ቤት ገባ።

ይህ ትምህርት ቤት በቫለንቲን አዊ አማካይነት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተቋቋመ ሲሆን በዘመኑ ታላቅ እርምጃ ነበር። አዊ የላቲንን ፊደላት ከወረቀቱ ከፍ ብለው እንዲዳሰሱ አድርጎ ያሳትም ነበር። ይሁን እንጂ ፊደሎቹ በጣት እንዲለዩ ትልልቅ መሆን ስለነበረባቸው መጻሕፍቱ እጅግ ከባድና ጥቂት ነበሩ፤ ንባቡም አንዱን ፊደል ዙሪያውን ዳስሶ እስኪጨርሱት ድረስ የፊተኛውን የሚያስረሳ አዝጋሚ ሥራ ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ጉድለት ግን ሌላ ነበር፤ ተማሪው የተጻፈለትን ያነብባል እንጂ ራሱ ጽፎ የጻፈውን ሊያነብ አይችልም። አዊ ቅን ሰው ነበር። ነገር ግን የሠራው ሥራ ለዓይን የተፈጠረውን ፊደል ለጣት ማበደር ነበር።

በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ መድፈኛ መኮንን ሌላ ዓይነት አጻጻፍ ይዞ ወደዚያ ትምህርት ቤት መጣ። ይህ ሰው ፊደላትን ትቶ ድምፆችን በነጥብ ወከለ፤ እያንዳንዱም ምልክት ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት ረድፍ የሚቆሙ፣ እስከ አሥራ ሁለት የሚደርሱ ነጥቦች ነበሩት። ይህንን ዘዴ ናፖሊዮን ለወታደሮቹ በሌሊት እንዲነበብ አዝዞ ያሠራው ነው እየተባለ ብዙ ተጽፏል፤ ይህም እንደ ፖተር ገመድ ያለ ያማረ ተረት ይመስላል። ባርቢዬ የተጨነቀው ይልቁንም መደበኛ ትምህርት የመማር ዕድል ላላገኙ ሰዎች ነበር። ነጥቦቹን መውጊያውንና ወረቀቱን የሚይዘውን ሰሌዳም ያዘጋጀው እሱ ነው። ስለዚህ ብዙ ጸሐፊዎች ብሬል ዓይኑን ባጠፋው ወስፌ ፊደሉን ፈጠረ እያሉ የሚያሳምሩትን ነገር ልብ ብሎ መቀበል ያሻል።

እንግዲህ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ምን አደረገ? በመጀመሪያ የባርቢዬን ዘዴ ከጓደኞቹ ጋር በትጋት ተማረው። ሲጠቀምበትም ማንም የሚያይ ሰው በቀላሉ ሊደርስበት የማይችለውን ጉድለት አገኘ። የአሥራ ሁለት ነጥብ ቁመት ከጣት ጫፍ ይተርፋል፤ አንባቢው ጣቱን ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተተ መቁጠር ይገደዳል። ለዓይን አሥራ ሁለት ነጥብ በአንድ ጊዜ የሚታይ ቅርጽ ነው፤ ለጣት ግን ሒሳብ ነው። በተጨማሪም ዘዴው ድምፅን ብቻ ስለሚወክል የቃላትን ትክክለኛ አጻጻፍ፣ ሥርዓተ ነጥብን፣ ቁጥርንና የሙዚቃ ኖታን አይገልጽም ነበር። ዓይነ ስውር ሰው የተማረ ሰው እንዲሆን ሳይሆን መልእክት እንዲለዋወጥ ብቻ የታሰበ ያህል ነበር። ልጁም ይህንን ታዝቧል።

ሦስት ዓመት ያህል ቀን ከሚማረው ትምህርት በተረፈው ጊዜ፣ ሌሊትና በዕረፍት ወራት በኩፕቭሬ፣ ነጥብ ሲወጋና ሲዳስስ ቆየ። በ1824 ዓ.ም. የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ የሥራው መሠረት ተጠናቀቀ። የነጥቡን ብዛት ከአሥራ ሁለት ወደ ስድስት አወረደው፤ ይኸውም በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ማለት ነው። የምልክቱ ቁመት ዛሬ በሚታተመው መጠን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጣት ሳይንቀሳቀስ በአንድ ንክኪ ይለየዋል። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ አለ ወይ የለም፤ ስለዚህ ስድስት ነጥብ 64 ዓይነት አቀማመጥ ይሰጣል፤ ባዶው ሲቀነስ 63 ምልክት ይቀራል። ይህም ለፊደሉ፣ ለሥርዓተ ነጥቡና ለቁጥሩ በቂ ነው።

አደራደሩም ሊደነቅ ይገባዋል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ፊደላት የተሠሩት በላይኞቹ አራት ነጥቦች ብቻ ነው። ቀጣዮቹ አሥር እነዚያው ቅርጾች ሆነው ከግራ በኩል በግርጌ አንድ ነጥብ ይጨመርባቸዋል፤ የሚከተሉትም በግርጌ ሁለቱንም ነጥብ ይይዛሉ። አሥሩን ያወቀ ተማሪ ሌሎቹን በአንድ ደንብ ያገኛቸዋል። እነዚያው አሥር ቅርጾች አንድ ምልክት ሲቀድማቸው ቁጥር ይሆናሉ። ይህንን የመሰለ ቁጠባ በአጋጣሚ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ ተሞክሮ ብዙ ጊዜ ከተጣለ ነገር የተረፈ ነው።

ሥራው በ1824 ዓ.ም. አበቃ ማለት ግን አይደለም። ብሬል ዘዴውን በመጽሐፍ ያሳተመው በ1829 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው ሊተካው በፈለገው በዚያው በአዊ ጎላ ያለ ፊደል ነበር፤ አንባቢ ሌላ አያውቅምና። በዚያ እትም ከነጥቦቹ ጋር የተሰመሩ መስመሮች ነበሩበት፤ ለጣት አስቸጋሪ ሆነው ስለተገኙ በ1837 ዓ.ም. በወጣው ሁለተኛ እትም ተወገዱ። በመጽሐፉም የመጀመሪያው ሐሳብ የባርቢዬ መሆኑን በምስጋና ገልጿል። ይህ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ፈጠራው እንዴት እንደተወለደ የሰጠው ትክክለኛ ምስክርነት ነው። ባርቢዬ ባይኖር ነጥቡ አይኖርም ነበር፤ ነጥቡን የዳሰሰ ልጅ ባይኖር ደግሞ ነጥቡ ከመኮንኑ ጋር በሞተ ነበር።

የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሆነው ነው። ብሬል አድጎ በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በ1840 ዓ.ም. ግን አዲስ ዲሬክተር ተሾመና የነጥቡ ጽሕፈት ተከለከለ፤ በነጥብ የተጻፉ መጻሕፍትም እንደተቃጠሉ ተጽፏል። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ፍጹም ከንቱ አልነበረም፦ ዓይነ ስውራን ከሌላው ሰው የተለየ ፊደል ከያዙ ከኅብረተሰቡ ይነጠላሉ የሚል ነበር። የሚያዩት መምህራን ለራሳቸው ዓይን የማይነበበውን ጽሕፈት ለተማሪዎቻቸው አደገኛ አድርገው ቈጠሩት። ተማሪዎቹን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። እነሱም በድብቅ ይጽፉበትና ለታናናሾቻቸው ያስተምሩት ነበር፤ ዘዴው ከጥፋት የዳነው በዚህ ነው። በ1844 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ምክትል ዲሬክተሩ ጋዴ በሕዝብ ፊት ጥቅሙን ካሳየ በኋላ እገዳው ተነሣ።

ብሬል በሳምባ ነቀርሳ በ1852 ዓ.ም. ሞተ። ዘዴው በፈረንሳይ በይፋ የጸደቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ልጁ ከሠራው ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በ1878 ዓ.ም. በፓሪስ የተደረገው ጉባኤ ለሌሎች አገሮች ትምህርት ቤቶችም እንዲሆን መረጠው።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ ለእኛ መሐንዲሶች የሚጥም ችግር ገጠመው። ፊደላችን ከነእርባታው ከሁለት መቶ ሠላሳ በላይ ቅርጽ አለው፤ ስድስቱ ነጥቦች ግን ከ63 በላይ አይሰጡም። ስለዚህ ለየእርባታው የተለየ ምልክት መስጠት አልተቻለም፤ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ተከታትለው እንዲጻፉ ሆነ። በወረቀት ላይ አንድ የሆነው «ቡ» በጣት ስር ሁለት ምልክት ነው። በሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማሩት ሁሉ ይህንኑ በጣታቸው ያውቁታል፤ ለዓይን የተዘጋጀውን የፊደል ገበታ ብቻ ላጠናነው ግን ቋንቋችን ከውስጥ እንዴት እንደተገጣጠመ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል ነው።